ሐይቅን ያደረቀ እንፋሎት፤ የክሩኪዩስ መኪናና የማያርፍ ሥራው

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በተለምዶ ሆላንድ እየተባለች በምትጠራው በኔዘርላንድ አገር፣ ከሃርለም ከተማ በስተደቡብ፣ ከአንድ ሰፊ ቦይ ዳር አንድ ክብ ሕንፃ ቆሟል። የመስኮቶቹን ቅስትና የአናቱን ጥርስ የተመለከተ እንግዳ የጥንት መስፍን ግንብ ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ቀረብ ብሎ ሲመለከት ግን ስምንት ግዙፍ የብረት አግዳሚዎች ከግድግዳው ወደ ውጭ ተዘርግተው ያያል። ይህ ሕንፃ የመስፍን መኖሪያ ሆኖ አያውቅም። የተሠራው ለአንድ የእንፋሎት መኪና ማደሪያ ነው። በውስጡ የሚገኘውም በእንፋሎት መኪኖች ታሪክ ከተሠሩት ሲሊንደሮች ሁሉ በስፋቱ ተወዳዳሪ የሌለው ነው። የመኪናው ስም ክሩኪዩስ ይባላል።

ይህ መኪና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ 18,000 ሄክታር ያህል ስፋት ያለውን የሃርለመርሜርን ሐይቅ አደረቀ። ይህ በብዙ መጻሕፍት የሚነገር ገድል ነው። ለመሐንዲስ ከገድሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ሐይቁ ደረቀ በተባለበት ቀን የመኪኖቹ ሥራ አላለቀም፤ እንዲያውም ዋናው ሥራ የተጀመረው በዚያን ዕለት ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ንግግር ዓላማም መኪናው እንዴት ይሠራ እንደነበረ ካስረዳ በኋላ፣ ውኃን በኃይል ከመሬት የሚያስወጣ ትውልድ ለሚቀጥለው ትውልድ ምን ዓይነት ዕዳ እንደሚያስተላልፍ ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውኃው ተኩላ

የሃርለመርሜር ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ እንደዚያ ሰፊ አልነበረም። መጀመሪያ የነበሩት የተለያዩ ትንንሽ ሐይቆች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ጠንካራ ድንጋይ ወይም ሸክላ ሳይሆን፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት በረግረግ ውስጥ ከተከማቸ የተክል ብስባሽ የተገኘ ለስላሳ ጥቁር አፈር ነበር። ይህ አፈር ተቆርጦ ከደረቀ በኋላ እንደ ኩበት ይነዳል። ስለዚህ የአካባቢው ሰዎች ለማገዶ እየቆረጡ ወሰዱት። ለእርሻ እንዲመች ውኃውን በቦይ ሲያጠፉም መሬቱ እየሟሸሸ ዝቅ አለ። በነፋስ የሚገፋው ማዕበል ደግሞ ዳርቻውን ከዓመት ወደ ዓመት ሸረሸረው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሐይቆቹ ቀስ በቀስ ተገናኝተው አንድ ትልቅ ውኃ ሆኑ። በየጊዜውም መንደሮች ከነእርሻቸው ጠፉ። ሕዝቡ ይህን መሬት የሚበላ ሐይቅ የውኃ ተኩላ ብሎ ይጠራው ነበር።

ተኩላውን የማጥፋት ሐሳብ አዲስ አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዓመት ያን አድሪያንስዞን ሌግዋተር የተባለ የወፍጮ ባለሙያ (1575–1650) በ160 የነፋስ ወፍጮዎች ሐይቁን ማድረቅ እንደሚቻል ጽፎ አሳተመ። በ18ኛው መቶ ዓመት ኒኮላስ ክሩኪዩስ የተባለ የመሬት ቀያሽ (1678–1754) ሌላ ፕላን አቀረበ። በ1821 ደግሞ ባሮን ቫን ሌይንደን ሐሳቡን እንደገና አነሣው። ነገር ግን ሥራው ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ ከዓሣና ከጀልባ መጓጓዣ ገቢ የሚያገኙ ከተሞች ሐይቁ እንዳይነካ ይፈልጉ ነበር።

ሐሳቡ ከወረቀት ወደ ሥራ እንዲሸጋገር ያደረገው ምክር ሳይሆን አደጋ ነው። በኅዳር 1836 የተነሣው ብርቱ አውሎ ነፋስ የሐይቁን ውኃ እስከ አምስተርዳም ከተማ በር ድረስ ነዳው። በዚያው ዓመት በገና ሰሞን የተነሣው ሌላ አውሎ ነፋስ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ገፍቶት የላይደን ከተማን መንገዶች አጥለቀለቀ። በሁለት ወራት ውስጥ በሁለት ወገን የታየው ይህ ጥፋት ክርክሩን ዘጋው። በ1837 ንጉሥ ዊለም ቀዳማዊ አጥኚ ኮሚሲዮን አቋቋሙ፤ በ1839 የማድረቁ ሕግ ወጣ፤ በ1840ም ቁፋሮው ተጀመረ።

ከነፋስ ወደ እንፋሎት

ሥራውን በትክክል ለመረዳት በቅድሚያ የቦታውን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል 4 ሜትር ያህል፣ በአንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ዝቅ ያለ ነው። ስለሆነም ውኃው በራሱ ክብደት የሚፈስበት ቁልቁለት የለም። ማድረግ የሚቻለው በሐይቁ ዙሪያ የአፈር ግድብ መሥራት፣ ከግድቡ ውጭ ዙሪያውን የሚከብ ቦይ መቆፈር፣ ከዚያም የሐይቁን ውኃ አንሥቶ ወደዚያ ከፍ ያለ ቦይ መጣል ነው። ቦዩ ውኃውን እየተቀበለ ወደ ባሕር ያደርሰዋል። እንደ ቀለበት የተቆፈረው የሃርለመርሜር ቦይ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ የቆፈሩት አካፋና የእጅ ጋሪ የያዙ ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

ውኃውን የማንሣቱን ሥራ ሆላንዶች ለብዙ መቶ ዓመታት በነፋስ ወፍጮ ሲያካሂዱ ኖረዋል። በ1612 ቤምስተር የተባለውን ሐይቅ ያደረቁት በዚሁ ዘዴ ነው። ነገር ግን አንድ ወፍጮ ውኃን ከፍ ሊያደርግ የሚችለው በጥቂቱ ብቻ በመሆኑ፣ ጥልቅ ቦታ ሲያጋጥም ብዙ ወፍጮዎችን እንደ ደረጃ አከታትሎ ማቆም ግድ ነበር። ከሁሉም በላይ ነፋስ አለቃ የለውም። ነፋስ በሌለበት ቀን መንኮራኩሩ ይቆማል፤ ዝናሙ ግን አብሮ አይቆምም።

እንፋሎት ለዚህ መድኃኒት እንደሚሆን ቀደም ብለው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የተባለው እንግሊዛዊ ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ የሚያወጣ መኪና ሠርቶ ነበር። በዚህ መኪና እንፋሎት ሲሊንደሩን ከሞላ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበታል፤ እንፋሎቱ ወደ ውኃነት ሲመለስ ሲሊንደሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ የውጭው አየር ግፊትም ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ጉድለቱ ሲሊንደሩ በየምቱ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ብዙ ከሰል የሚያባክን መሆኑ ነው። በ1769 የባለቤትነት መብት ያገኘው ጄምስ ዋት እንፋሎቱ ከሲሊንደሩ ውጭ፣ ኮንዴንሰር በተባለ የተለየ ዕቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ በማድረግ ይህን ጉድለት አስወገደ።

በሮተርዳም ይኖር የነበረው ስቴቨን ሆኸንዳይክ በሙያው ሰዓት ሠሪ ነበር። ይህ ሰው በገንዘቡ በ1769 የምርምር ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ካነሣቸው ጉዳዮች አንዱ በእንፋሎት ኃይል መሬትን ከውኃ ማዳን ነበር። በ1776 የተሞከረው የኒውኮመን ዓይነት መኪና የተጠበቀውን ያህል ውጤት አላሳየም። በ1787 በሮተርዳም አጠገብ በብላይዶርፕ የቆመው የዋት መኪና ግን በሚገባ ሠራ። ይሁን እንጂ ባለመሬቶቹ ከለመዱት ወፍጮ ለመለየት አልፈለጉም። ሆኸንዳይክም በሚቀጥለው ዓመት አረፈ። እንግዲህ መኪናው መሥራቱ ከተረጋገጠበት ቀን አንሥቶ ታላቁ ሐይቅ በእንፋሎት እስከ ደረቀበት ጊዜ ድረስ ከ60 ዓመት በላይ አልፏል። አንድ ዘዴ ትክክል መሆኑና ተቀባይነት ማግኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

በሃርለመርሜር ጉዳይም ክርክሩ እንደገና ተነሥቷል። በነፋስ ብቻ ይሠራ፣ በእንፋሎት ብቻ ይሠራ፣ ወይስ ሁለቱ ይደባለቁ የሚል ነበር። በመጨረሻ በእንፋሎት ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። በ160 ወፍጮዎች ምትክ ሦስት መኪኖች በቀለበቱ ቦይ ዳር በሦስት ቦታ እንዲቆሙ ሆነ። ለመኪኖቹም በየዘመናቸው ፕላን አቅርበው ያልተሳካላቸው የሦስቱ ሰዎች ስም ተሰጣቸው፤ ሌግዋተር፣ ክሩኪዩስና ሌይንደን ተባሉ።

የመኪናው አሠራር

መኪኖቹን ያቀዱት ጆሴፍ ጊብስና አርተር ዲን የተባሉ እንግሊዛውያን መሐንዲሶች ናቸው። የተሠሩት ደግሞ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል ነው። የክሩኪዩስ ሲሊንደሮች የወጡት በሄይል ከተማ ከነበረው ከሃርቪ ፋብሪካ ነው። ኮርንዎል የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ አገር የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን ጉድጓዶች እጅግ ጥልቅ ነበሩ፤ የድንጋይ ከሰል ግን በአካባቢው አይገኝም፤ በመርከብ ከሩቅ ይመጣል። ስለዚህ የኮርንዎል መሐንዲሶች ከእያንዳንዱ አካፋ ከሰል ምን ያህል ሥራ እንደተገኘ መለካትና መኪኖቻቸውን ማወዳደር ልማዳቸው ሆኖ ነበር። ሆላንድም እንዲሁ ከሰሉን በግዢ ታመጣ ስለነበር የምትሻው እንዲህ ያለውን ቆጣቢ መኪና ነው።

ክሩኪዩስ እንደ ባቡር መኪና ጎማ የሚያሽከረክር አይደለም። ሥራው እንደ ሚዛን አንዱን ወገን ሲያወርድ ሌላውን ማንሣት ነው። በሕንፃው መካከል አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት ሲሊንደሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል። የውስጠኛው ስፋት 2.13 ሜትር፣ የውጭኛው 3.66 ሜትር ነው። በውስጠኛው ውስጥ ክብ ፒስተን አለ። በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ደግሞ እንደ ቀለበት የተሠራ ሌላ ፒስተን አለ። ሁለቱም በዘንጎች አማካይነት ከበላያቸው ካለ አንድ ታላቅ የብረት ክብደት ጋር ተያይዘዋል። ስምንቱ አግዳሚ ብረቶች የውስጥ ጫፋቸው ከዚህ ክብደት ጋር ይገናኛል፤ ወገባቸው በግድግዳው ላይ ያርፋል፤ የውጭ ጫፋቸው ደግሞ እያንዳንዱ የአንድ ፓምፕ ዘንግ ይዟል።

አንድ ምት የሚፈጸመው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ከቦይለሩ የሚመጣው ትኩስ እንፋሎት ከውስጠኛው ፒስተን ሥር ይገባል። ፒስተኑም ታላቁን ክብደት ተሸክሞ 3 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የአግዳሚዎቹ የውጭ ጫፍ ዝቅ ይላል፤ የፓምፖቹ ፒስተኖችም ክዳናቸው ተከፍቶ በውኃው ውስጥ ወደ ታች ይወርዳሉ። እስከዚህ ድረስ ውኃ አልተነሣም። እንፋሎቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ክብደቱን ከፍ አድርጎ ለሚቀጥለው ሥራ ማዘጋጀት ነው።

ቀጥሎ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። የፓምፖቹ ክዳኖች ገና ሳይዘጉ ክብደቱ ቢለቀቅ በብዙ ቶን የሚቆጠረው ውኃ ክዳኖቹን በድንገት ይመታቸዋል፤ መኪናውም ይጎዳል። ስለዚህ ክብደቱ ከላይ እንደደረሰ በውኃ ግፊት የሚሠራ መደገፊያ ለአፍታ ያህል ይዞ ያቆየዋል። ክዳኖቹ በራሳቸው ጊዜ በእርጋታ ይዘጋሉ። በዚህ ሁሉ ብረት መካከል ይህች የአፍታ ዕረፍት የመሐንዲሶቹን ጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጥ የምታሳይ ናት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ቫልቭ ይከፈታል። ከውስጠኛው ፒስተን ሥር የነበረው እንፋሎት ወደ ውጭ አይጣልም፤ ወደ ላይ ተሻግሮ ከሁለቱም ፒስተኖች በላይ ይሰፋል። በውስጠኛው ፒስተን ላይና ታች ያለው ግፊት እኩል ስለሚሆን ፒስተኑ መግፋቱን ያቆማል። ከቀለበቱ ፒስተን ሥር ያለው ቦታ ግን ሁልጊዜ ከኮንዴንሰሩ ጋር የተገናኘ በመሆኑ ባዶ ነው። ስለዚህ ወደ 7 ካሬ ሜትር በሚጠጋው የቀለበት ፒስተን ላይ እንፋሎቱ ከላይ ይጫናል፤ ከሥር የሚቃወመው የለም። የእንፋሎቱ ግፊትና የታላቁ ክብደት ሸክም አንድ ላይ ሆነው ወደ ታች ሲወርዱ የአግዳሚዎቹ የውጭ ጫፍ ይነሣል፤ ስምንቱም ፓምፖች የያዙትን ውኃ ያወጣሉ። ውኃውን በቀጥታ የሚያነሣው እንግዲህ ይህ ቁልቁል የሚደረገው ጉዞ ነው። ያው እንፋሎት አንድ ጊዜ ክብደቱን ለማንሣት፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ቀለበቱን ለመግፋት ስለሚያገለግል ከሰሉ አይባክንም።

እያንዳንዱ ፓምፕ 1.85 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በአንድ ምት 8,000 ሊትር ያህል ያነሣል። ስምንቱ በጠቅላላው 64,000 ሊትር ያነሣሉ ማለት ነው። መኪናው በደቂቃ 5 ጊዜ ሲመታ 320,000 ሊትር ውኃ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ቦዩ ይፈሳል። ይህ ሥራ ሲሰላ 350 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሆናል። ቁጥሩ ከዛሬ ሞተሮች ጋር ሲነጻጸር አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ግን በደቂቃ አምስት ጊዜ ብቻ በሚንቀሳቀስ፣ ፍጥነት በሌለው መኪና ይህን ያህል ውኃ መነሣቱ ነው።

ሐይቁ የደረቀበት ዕለት

የቀለበቱ ግድብ ከተዘጋ በኋላ በ1848 ሌግዋተር ብቻውን ሥራ ጀመረ፤ በ1849 ክሩኪዩስና ሌይንደን ተከተሉት። የሦስቱ ኃይል ተቀራራቢ ስለነበረ፣ ሦስቱም ያለ ማቋረጥ ቢሠሩ በቀንና በሌሊት 1.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ያወጣሉ ብሎ ማስላት ይቻላል። በጠቅላላው ከሐይቁ የወጣው ውኃ ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። በወረቀት ላይ ይህ ከሁለት ዓመት ያነሰ ሥራ ነው። በተግባር ግን ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀ።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። ሐይቁ እየወጣለት ሳለ ዝናም ይዘንምበታል፤ ከግድቡ ሥርም ውኃ ይሰርጋል። ውኃውን ተቀብሎ ወደ ባሕር የሚያደርሰው ቦይ ሲሞላም ምንም ያህል ኃይል ቢኖር ማውጣት አይቻልም። መኪናም ጥገና ይፈልጋል። አንድ ምሳሌ ብቻ ብንወስድ በ18,000 ሄክታር ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናም ቢጥል 1.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። የአንድ ቀን ዝናም ሦስቱን መኪኖች ከአንድ ቀንና ሌሊት በላይ ያሠራል ማለት ነው።

በሐምሌ 1 ቀን 1852 ሐይቁ መድረቁ ተገለጸ። አንድ ትውልድ ሳያልፍ ማዕበል ይነሣበት የነበረው ቦታ ሊታረስ የሚችል ሸክላ መሬት ሆነ።

ከውኃው በኋላ የመጣው ችግር

መሬቱ ከ1853 ጀምሮ በጨረታ ተሸጠ። በ1855፣ ይኸውም በአገራችን ዓፄ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ ሃርለመርሜር ራሱን የቻለ የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር ሆነ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ኑሮ እጅግ መራራ ነበር። ብዙዎቹ ገዢዎች በከተማ የሚኖሩ ባለሀብቶች ሲሆኑ፣ በመሬቱ ላይ የኖሩት ተከራዮችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። መንገዱ ጭቃ፣ ቤቱ ጎጆ፣ የሚጠጣው ውኃ ንጹሕ ያልሆነ ነበር። ኮሌራና ወባ ብዙ ሰው ጨረሱ። ዋናው መኪና በትክክል ቢሠራም በማሳው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቦዮች በሚገባ ስላልተቆፈሩ ዝናም በመጣ ቁጥር እርሻው ይጥለቀለቅ ነበር።

የዚህ ምክንያት በግልጽ መነገር አለበት። መንግሥት ሐይቁን ማድረቅ እንደ ሥራው ፍጻሜ ቆጥሮ የቀረውን ለገዢዎቹ ተወው። በዓለም ላይ ትልቁን ሲሊንደር ያስገነባ ዕቅድ ለአንድ ቤተሰብ የሚጠጣ ውኃ ከየት እንደሚገኝ አላሰበም። ቦዮቹ እስኪስተካከሉ፣ መንገዱና ሕክምናው እስኪደራጅ ድረስ ዋጋውን በሕይወታቸው የከፈሉት፣ ስማቸው በመኪኖቹ ላይ ያልተጻፈው ሰዎች ናቸው።

እየሰመጠ የሚሄድ መሬት

ሁለተኛው ዕዳ ከዚህ ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። በሃርለመርሜር ከውኃው ሥር የወጣው በአብዛኛው ሸክላ ስለነበረ መሬቱ ብዙ አልሰመጠም። የተክል ብስባሽ አፈር ባለበት ቦታ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ይህን በጉልህ ለማየት በምሥራቅ እንግሊዝ ወደሚገኘው ፌንስ ወደተባለው ረግረጋማ አገር መሻገር ይጠቅማል።

በዚያ አገር በስትሬተም መንደር በ1831 አንድ የእንፋሎት መኪና ቆመ። ይህኛው በፓምፕ ፈንታ ታላቅ የውኃ መቅጃ መንኮራኩር ያዞር ነበር። መንኮራኩሩ በጠርዙ ዙሪያ በተተከሉ ሳንቃዎች ውኃውን ከዝቅተኛው ቦይ እየገፋ ከፍ ወዳለው ወንዝ ይጥላል። ሲጀመር የመንኮራኩሩ ስፋት ወደ 9 ሜትር ይጠጋ ነበር። ከጊዜ በኋላ በ10 ሜትር መንኮራኩር ተተካ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ከ11 ሜትር በላይ በሆነ ሌላ ተለወጠ። ምክንያቱ ውኃው መብዛቱ ሳይሆን መሬቱ መስመጡ ነው። መሬቱ ዝቅ ሲል ቦዩም አብሮ ጠልቆ መቆፈር ነበረበት፤ ቦዩ ሲጠልቅ አሮጌው መንኮራኩር ውኃውን አልደርስበት አለ።

የመስመጡ ምክንያት የታወቀ ነው። ያ አፈር ተጠብቆ የኖረው በውኃ ተሸፍኖ አየር ስላላገኘው ነው። ውኃው ሲወጣ መጀመሪያ እንደሚደርቅ ስፖንጅ ይጨማተራል። ቀጥሎ አየር ገብቶ ብስባሹን ቀስ በቀስ እያቃጠለ ይጨርሰዋል። መሬቱ ዝቅ ሲል ውኃ ይመለስበታል፤ ውኃውን ለማስወጣት ይበልጥ ጠልቆ መሳብ ያስፈልጋል፤ ይበልጥ ሲሳብ መሬቱ እንደገና ይሰምጣል።

በዚያው አካባቢ የነበረው የዊትልሲ ሐይቅ በ1851 ሲደርቅ አዲስ ዓይነት መኪና ተሠራበት። ይህም ጆን አፖልድ ሠርቶ በዚያው ዓመት በለንደን በተከፈተው ታላቅ ኤግዚቢሽን ያሳየው፣ ውኃን በማሽከርከር የሚወረውር ፓምፕ ነው። ከሐይቁ አጠገብ በሆም በተባለው ስፍራ አስተዋይ ሰዎች በዚያን ጊዜ አንድ ምሰሶ ቀበሩ። እግሩ በማይንቀሳቀሰው ሸክላ ላይ ቆሞ አናቱ ከመሬቱ ገጽ ጋር እኩል እንዲሆን አደረጉት። ዓላማቸው መሬቱ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ለመለካት ነበር። ዛሬ ያ ምሰሶ ከመሬት በላይ 4 ሜትር ያህል ወጥቶ ይታያል። ምሰሶው ካለበት አልተነቃነቀም፤ የሄደው መሬቱ ነው። ምሰሶውን የተከሉት ሰዎች የሥራቸውን ፍሬ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ለመለካት በማሰባቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

የማያርፍ ሥራ

ከእነዚህ ሁለት አገሮች ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ግድብ ወይም ድልድይ ተሠርቶ ሲያልቅ ራሱ ይቆማል፤ በየጊዜው መጠገን ብቻ ይፈልጋል። ከባሕር ጠለል በታች ያለ መሬት ግን አንድም ዓመት በራሱ አይቆምም። መኪናው ቢቆም ሐይቁ ይመለሳል። ስለሆነም እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያቅድ መሐንዲስ የመኪናውን ዋጋና የቁፋሮውን ወጪ ደምሮ ሒሳቡን ሊዘጋ አይችልም። ነዳጁን ማን ይገዛል፣ ቦዩን ማን ይጠርጋል፣ ባለሙያውን ማን ያሠለጥናል፣ መሬቱ ሲሰምጥ አዲሱን መኪና ማን ይተክላል የሚሉት ጥያቄዎች የፕላኑ አካል ናቸው። ሆላንዶች ይህን ዕዳ ሊሸከሙ የቻሉት መኪናቸው ታላቅ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ፣ ከባለመሬቱ ሁሉ መዋጮ እየሰበሰበ ውኃን የሚያስተዳድር የሕዝብ ድርጅት ስለነበራቸው ጭምር ነው።

የመኪኖቹ ፍጻሜም በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው። የሌግዋተርና የሌይንደን አሮጌ መኪኖች ተነቅለው በአዲስ ዓይነት ፓምፖች ተተኩ። ክሩኪዩስ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከቆየ በኋላ ሥራውን አቆመ። መፍረስና ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ በተቃረበበት ጊዜ የደረሰለት የአገሩ መሐንዲሶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ባደረገው ጥረት መኪናው ከነሕንፃው ተጠብቆ ሙዚየም ሆነ። እንዲህ ያለ ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ ይህን ሊያስታውሰው ይገባል። የሙያ ማኅበር ሥራ የአባላቱን መብት ማስጠበቅ ብቻ አይደለም። ሙያው ያለፈበትን መንገድ፣ ከነድካሙና ከነስሕተቱ፣ ለሚመጣው መሐንዲስ በዓይን እንዲታይ አድርጎ ማቆየትም ነው።

እንፋሎትም ቢሆን ከዚህ ሥራ ፈጽሞ አልወጣም። በሰሜን ኔዘርላንድ በሌመር ከተማ በ1920 የተከፈተው የቫውዳ የእንፋሎት ፓምፕ ጣቢያ በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ውኃው ከመጠን በላይ ሲሞላም እስከ ዛሬ ድረስ እሳቱ ተጭሮ ሥራ ላይ ይውላል።

በሃርለመርሜር ወለል ላይ ዛሬ እርሻና ከተማ አለ፤ ከዓለም ትላልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ የሆነው ስኪፖልም የሚገኘው በዚያው ነው። በዚያ የሚያርፍ መንገደኛ ጫማው የሚረግጠው የቀድሞ ሐይቅ ወለል መሆኑን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ክሩኪዩስ ከ2002 ጀምሮ አግዳሚዎቹ ለጎብኚዎች እንደገና ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ግን እንፋሎት ሳይሆን የዘይት ግፊት ነው፤ ውኃም አያወጡም። ውኃውን የሚያወጡት ጎብኚ የማይሄድባቸው፣ በየቦዩ ዳር የቆሙት ዘመናዊ ፓምፖች ናቸው። በዛሬዪቱ ሌሊትም ተረኛው ባለሙያ የውኃውን ልክ እየተመለከተ ይጠብቃል። በ1852 ሥራው አልቋል ተብሎ የተነገረው ዜና እስከ አሁን እውነት ሆኖ የቆየው በእርሱና ከእርሱ በፊት በነበሩት ተረኞች ትጋት ነው።